ያውቁ ኖሯል? የማስመሪያዎ ጫፍ ሁልጊዜ ዜሮ አይደለም

ያውቁ ኖሯል? የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ርዝመቱ ስንት ነው ብለው ቢጠይቁ አንዱ 34 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 31 ኪሎ ሜትር ይልዎታል፤ አንዳቸውም አልዋሹም። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው መስመር 17.4 ኪሎ ሜትር፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚወርደው ደግሞ 16.9 ነው። ሲደመሩ 34.3 ይሆናሉ። ነገር ግን ከመስቀል አደባባይ አካባቢ ተነሥተው ሜክሲኮንና ተግባረ እድን አልፈው ልደታ እስኪደርሱ ድረስ ሁለቱም የሚሄዱት በአንድ ሐዲድ ላይ ነው። ይህ የጋራ ሐዲድ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለቴ የቆጠረው 34 ይላል፤ አንዴ የቆጠረው 31.6።

ሦስቱም ቁጥሮች ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ ስላላቸው ውጤቱም አንድ ብቻ ነው የሚኖረው። 31.600 ኪሎ ሜትር ብሎ የሚጽፍ ሰው «እስከ ሜትር ድረስ ለክቼዋለሁ» ማለቱ ነው። ማን ለካለት? 9ኛ ክፍል ፊዚክስ ላይ «ሲግኒፊካንት ፊገር» እየተባለ የሚሸመደደው ጉዳይ ይኸው ነው። እዚህ ጉልህ አሃዝ እንበለው፦ ለኪው በእርግጥ ያየው አሃዝ፣ ሲደመርበት በግምት ያከለው አንድ የመጨረሻ አሃዝ።

ያውቁ ኖሯል? ልደታ ላይ የሚያልፈው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ እንግዳ የሚመስለው ከእንግሊዝ ስለመጣ ነው፤ 4 ጫማ ከ8 ኢንች ተኩል ነው። በትክክል ሲሰላ 1,435.1 ይመጣል፤ አንዷን ነጥብ የሚፈልጋት ስላልነበረ ተጣለች። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 ለገሃር የደረሰው አሮጌው ባቡር ግን ሙሉ አንድ ሜትር ነበር፤ 1,000 ሚሊ ሜትር።

ወደ ማስመሪያው እንምጣ። የአብዛኛው የላስቲክ ማስመሪያ ዜሮ መስመር ከጫፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ነው የሚጀምረው። የብረት ማስመሪያዎች ግን ብዙ ጊዜ ጫፋቸው ራሱ ዜሮ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀያይር ሰው ሳያየው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጫፉ ዜሮ የሆነው ማስመሪያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፦ ማዕዘኑ በቦርሳ ውስጥ ይበላል፣ ይሸራረፋል። መላው ቀላል ነው። ከ10 ሴንቲ ሜትር መስመር ጀምረው ይለኩና መጨረሻ ላይ 10 ይቀንሱ። አናጢዎች ይህን ዘዴ ያውቁታል። የምትቀነሰዋ 10 ስትረሳ የሚመጣውንም መዘዝ ያውቁታል።

ማስመሪያዎ ልክ መሆኑን መፈተሽ ይፈልጋሉ? የኤቲኤም ካርድዎን ያውጡ። በየትኛውም አገር የትኛውም ባንክ ያውጣው፣ ወርዱ 85.60፣ ቁመቱ 53.98 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማሽኑ እንዲቀበለው መስፈርቱ ያስገድዳል። ካርዱን 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያስነሡት 18.56 ላይ ማረፍ አለበት። 85.60 ሲጻፍ መጨረሻ ላይ ያለችው ዜሮ ለጌጥ አልገባችም። 85.6 ከሆነ እስከ ሚሊ ሜትር አሥረኛ፣ 85.60 ከሆነ እስከ መቶኛ ታውቋል ማለት ነው።

የኤ4 ወረቀት ለዚህ አይሆንም። 297 ሚሊ ሜትር ነው ይባላል፤ መስፈርቱ ራሱ ግን የ2 ሚሊ ሜትር ማነስና መብለጥ ይፈቅዳል።

ያውቁ ኖሯል? የእንጨት ማስመሪያ ጠርዙ ተዳፍቶ የሚሳለው ለውበት አይደለም። መስመሮቹ ከሚለካው ነገር በላይ ከፍ ብለው ከተቀመጡ፣ ዓይን በዘወር ሲያይ ንባቡ ይሸሻል። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ማስመሪያ ላይ በ30 ዲግሪ ያህል አዘንብለው ቢያዩ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይስታሉ። ስለዚህ ወይ ዓይንን ቀጥ አድርጎ ከላይ ማየት፣ ወይ ማስመሪያውን በጠርዙ አቁሞ መስመሮቹን ከዕቃው ጋር ማገናኘት ነው። ሁለተኛውን ዘዴ ልጆችዎን ያስተምሯቸው፤ አስተማሪዎች አይከፋቸውም።

መስመር ሳይሆን በመስመሮች መካከል ቢያርፍስ? ሚሊ ሜትር የተሰመረበት ማስመሪያ ላይ 12.3 እና 12.4 ሴንቲ ሜትር መካከል ካረፈ፣ 12.34 ወይም 12.35 ብሎ መገመት የተፈቀደ ነው፤ እንዲያውም የሚገባ ነው። 12.347 ማለት ግን ድፍረት ነው። ልብ የማይባለው ደግሞ አንድን ርዝመት ስንለካ የምናነበው ሁለት ቦታ መሆኑ ነው፦ መነሻውንና መድረሻውን። ግማሽ ሚሊ ሜትር እዚህ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር እዚያ ከሳትን፣ ክፉ ቀን ከሆነ አንድ ሙሉ ሚሊ ሜትር ሄደ።

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» ይባላል። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። ስሕተቱ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች የሚዋልል ከሆነ አሥር ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ስሕተቱን ወደ ሦስት እጅ ገደማ ይቀንሰዋል። አሥር እጅ ግን አይቀንሰውም። በተበላ ማስመሪያ አሥር ጊዜ ቢለኩ ግን አሥሩም እኩል ይሳሳታሉ፤ ያውም እርስ በርሳቸው እየተስማሙ። ይህኛው የባሰ ነው፤ መስማማታቸው ያሳምናልና።

ያውቁ ኖሯል? ድሮ ገበያ ወጥቶ ጨርቅ የሚገዛ ሰው ክንዱ የረዘመ ወዳጁን ይዞ ይሄድ ነበር። ሻጩ በራሱ ክንድ ልለካ ይላል፤ ገዢው ያንን ረጅም ሰው ያቀርባል። ክንድ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ነው። አንዱ ሰው 44፣ ሌላው 50 ሴንቲ ሜትር ክንድ ቢኖራቸው፣ አሥር ክንድ ጨርቅ ላይ ልዩነቱ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከአንድ ክንድ በላይ መሆኑ ነው። ስንዝር የክንድ ግማሽ፣ ጋት ደግሞ አራት ጣት ተጋጥሞ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እነዚህን የኢትዮጵያ መለኪያዎች ሰብስበው ረጅም ጥናት ጽፈዋል። እሳቸው በጻፉበት ዘመን አንዳንዶቹ ገና በገበያ ላይ ነበሩ፤ ዛሬም «ሁለት ስንዝር» የሚል ሰው ብርቅ አይደለም። ያልተመረመረ ትዝብት ይሁንልኝ፦ ስንዝር የሚለካ ሰው ከማስመሪያ ለኪው ይልቅ ሐቀኛ ነው፤ «ሁለት ስንዝር ከምናምን» ብሎ ያበቃል እንጂ ሦስት ነጥብ አይጨምርም።

መሬት ደግሞ በቀላድ ይለካ ነበር። ገመድ ነው። ገመድ ሲረጥብና ሲደርቅ ርዝመቱ ይለዋወጣል፤ ሲወጠርም ይሰጣል። ጋሻ ዛሬ 40 ሄክታር እየተባለ ይመነዘራል፤ ድሮ ግን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ እየተባለ የመሬቱ ጥራት ጋሻውን ያሰፋውና ያጠበው ነበር። 40 ላይ ያለችው ዜሮ እንግዲህ ብዙም አትታመንም። ኢትዮጵያ ሜትርና ኪሎን በሕግ የሥራ መለኪያ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። የልኬት መሣሪያዎችን ልክ የሚጠብቀው ብሔራዊ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ደግሞ ራሱን ችሎ የቆመው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ልደታ ላይ ልኬትን ሙያ አድርጎ የሚያስተምር ግቢ አለ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት የምንለው፣ ብዙዎች አሁንም «ቢልዲንግ ኮሌጅ» እያሉ የሚጠሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ስምምነት ተመሠረተ። ስዊድን ማለት በርዝመት ልኬት ታሪክ ትልቅ ስም ያላት አገር ናት። ካርል ኤድቫርድ ዮሃንሰን የሚባል የጠመንጃ ፋብሪካ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1896 እርስ በርሳቸው የሚጣበቁ የብረት ቁርጥራጮች አሰበ። እያንዳንዱ ቁራጭ ልኩ የታወቀ ነው፤ ሁለት ሦስቱን ሲያጣብቋቸው የሚፈልጉትን ርዝመት ይሠራሉ። 102 ቁራጭ ይዘው 20,000 ያህል የተለያየ ርዝመት ማውጣት ይቻላል። ፊታቸው ከመለስለሱ የተነሣ ያለ ማጣበቂያ ይያያዛሉ፤ አሁንም የመለኪያ ቤተ ሙከራዎች ማስመሪያዎችንና ካሊፐሮችን የሚፈትሹት በነዚህ ዘሮች ነው።

የዮሃንሰን ሌላው ውለታ ኢንች ነው። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ኢንች 25.4000508፣ የእንግሊዝ ኢንች ደግሞ 25.399977 ሚሊ ሜትር ነበር። እሱ ለሁለቱም የሚሸጥ ሰው ነውና እ.ኤ.አ. በ1912 መሃሉን ቆርጦ 25.4 አደረገው። አገሮቹ በይፋ የተከተሉት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ስለዚህ 25.4 ሦስት ጉልህ አሃዝ ያለው ቁጥር አይደለም፤ ስምምነት ነውና ከኋላው የፈለጉትን ያህል ዜሮ ቢደረድሩ እውነት ነው። በ2.54 ሲያባዙ መጠንቀቅ ያለብዎት ለራስዎ ልኬት ነው። «43 ኢንች ቴሌቪዥን፣ 109.22 ሴንቲ ሜትር» ብሎ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ሁለቱን የመጨረሻ አሃዞች ከየት አመጣቸው? 109 ብቻ ቢል በቂ ነው።

ጫማም በዚያው ስምምነት 0.3048 ሜትር ሆነች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው ከልደታ ሜዳ ተነሥቶ ነው፤ አብራሪው ያን ቀን የበረረበትን ከፍታ በጫማ ነበር የሚያነበው፣ ዛሬም ከቦሌ የሚነሣው በጫማ ያነባል።

ያውቁ ኖሯል? የብረት ሜትር ጫፍ ላይ ያለችው መንጠቆ የምትወዛወዘው ተበላሽታ አይደለም። ሆን ተብሎ በላላ ብሎን ተያይዛለች፤ የምትንቀሳቀሰውም የራሷን ውፍረት ያህል ብቻ ነው። ጣውላ ጫፍ ላይ አንጠልጥለው ሲስቧት ትወጣለች፣ ግድግዳ ላይ ሲገፏት ትገባለች፤ በሁለቱም መንገድ ዜሮው እውነተኛ ይሆናል። መንጠቆዋን በመዶሻ ደብድቦ ያጠበቀ ጎበዝ ካጋጠመዎት ሜትሩን አይዋሱት።

ግንበኞች ማዕዘን የሚያወጡበት 3፣ 4፣ 5 ደግሞ እንዲህ ነው፦ በአንዱ ግድግዳ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ምልክት አድርገው አግድሙን ሲለኩ 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። አግድሙ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ቢስቱስ? ግድግዳው 10 ሜትር ሲደርስ ጫፉ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሸሽቷል። በሩን የሚገጥመው ሰው የሚራገመው ያኔ ነው።

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያወጣው ደረጃ ቁጥር 1 ስለ ምን ይመስልዎታል? ስለ ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው ይህ ሰነድ ርዝመት ሁሉ የሚታመነው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው ይላል። አዲስ አበባ እኩለ ቀን ላይ ከዚያ ብዙም ስለማትርቅ የልደታ ቀያሽ ዕድለኛ ነው። የ30 ሜትር ብረት ሜትሩን ይዞ 40 ዲግሪ ወደሚሞቀው ሰመራ ከወረደ ግን ሜትሩ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የረዘመ ሜትር ደግሞ መሬቱን አሳጥሮ ያነባል። የላስቲክ ማስመሪያ ከብረት ብዙ እጥፍ ይለጠጣል፤ መኪና መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አይተዉት።

አሁን ወደ ተራራ። ራስ ደጀን ለብዙ ዘመን በመጽሐፎቻችን 4,620 ሜትር ነበር። በቅርብ ዓመታት 4,533 እየተባለ ይጻፋል፤ 87 ሜትር ቀንሶ ተገኘ ማለት ነው። ተራራው አላጠረም። 4,620 ላይ ያለችው ዜሮ ታይታ ይሁን ተጠጋግታ የመጣች፣ ቁጥሩን ብቻ ያነበበ ሰው መለየት አይችልም። ሳይንቲስቶች ከዚህ ለመውጣት በአሥር እያባዙ ይጽፋሉ፦ ዜሮዋ የእውነት ከሆነች 4.620 ሲባዛ 1,000፣ ካልሆነች 4.62 ሲባዛ 1,000። ይህ ዘዴ በጂኦግራፊ መጽሐፍ ውስጥ የማይገባበት ምክንያት አይገባኝም።

ስለ ኤቨረስት የሚተረከው ደግሞ ግልባጩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ከፍታው 29,002 ጫማ ተብሎ ታወጀ። ስሌቱ ድፍን 29,000 ነበር የወጣው፤ «ገምተው ነው» እንዳይባሉ ሁለት ጫማ ጨመሩበት ይባላል።

አዲስ አበባስ? 2,355 ሜትር ከፍታ አላት ይባላል፤ አራት ጉልህ አሃዝ። የከተማዋ ደቡብ ጫፍ አቃቂ በኩል ከ2,100 ብዙም አይበልጥም፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። የመጨረሻዋ 5 የየትኛው ቤት ደጃፍ ናት?

የመሬት ነገር ከተነሣ ከካሬ አንለፍ። አንድ ቦታ ሜትር ይዞ የለካ ሰው 12.3 በ8.6 ሜትር አገኘ እንበል። ማሽኑ 105.78 ካሬ ይላል። ካርታ ላይም፣ ውል ላይም 105.78 ተብሎ ሊገባ ይችላል። ግን 12.3 የተባለው ከ12.25 እስከ 12.35፣ 8.6 የተባለውም ከ8.55 እስከ 8.65 ያለውን ሁሉ ይይዛል። ትንሹ ከትንሹ ሲባዛ 104.7፣ ትልቁ ከትልቁ ሲባዛ 106.8። ሁለት ካሬ ያህል የሚዋልል ቁጥር ላይ 78ቷን ይዞ ጎረቤትን ችሎት ማቆም ከንቱ ነው። የክፍል ውስጥ ሕግ ደግሞ «ትንሹን ጉልህ አሃዝ ያዝ» ብሎ 110 ካሬ ያደርገዋል፤ ይህን ለሻጭና ለገዢ ይንገሯቸውና የሚሆነውን ይዩ። የክፍሉ ሕግ ሻካራ ነው፤ ለፈተና ይሆናል፣ ለመሬት አይሆንም። «106 ካሬ፣ አንድ ይጨምር ይቀንስ» የሚለው ነው ትክክለኛው። ከዚያ የተሻለ የፈለገ ወደ ማባዣው ሳይሆን ወደ መለኪያው ይመለስ፤ 12.31 በ8.62 ብሎ ይምጣ።

በ1 ለ2,000 ሚዛን በተሠራ ካርታ ላይ ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእስክሪብቶ መስመር መሬት ላይ አንድ ሜትር ነው። አጥሩ ከመስመሩ በየትኛው ወገን ነው?

ሜትር ራሱ ስሕተት አለበት። ፈረንሳዮች ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት ለአሥር ሚሊዮን ከፍለው አንዱን ሜትር ሊሉት ተነሡ። ደላምብርና ሜሼን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን እ.ኤ.አ. ከ1792 እስከ 1798 ለኩ። ሜሼን ባርሴሎና ላይ ሁለት ጊዜ የለካው አልገጥም አለው፤ ደበቀው፣ እስኪሞትም አልተናገረም። ሜትሩ ግን ያጠረው በዋናነት በእሱ አልነበረም፤ ምድር ከዋልታዎቿ ምን ያህል ጠፍጠፍ እንዳለች የተያዘው ግምት ነው ያሳሳታቸው። ጉድለቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዛሬም አልታረመም። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ሜትር ብርሃን በሰከንድ 299,792,458ኛ ክፍል ውስጥ የሚሄደው ርቀት ሆኗል፤ ይህ ያልተጠጋጋ ቁጥር የተመረጠው ያቺን የቆየች አጭር ሜትር እንዳለች ለማቆየት ነው።

ያውቁ ኖሯል? በተራ ማስመሪያ የወረቀት ውፍረት መለካት ይቻላል። አንዱን ቅጠል ከለኩ ምንም አያዩም። አንድ ደስታ ወረቀት፣ ማለትም 500 ቅጠል፣ ጠበቅ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ቁመቱን ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ 52 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ለ500 ሲያካፍሉት 0.104 ሚሊ ሜትር። 500ው ተቆጥሮ የመጣ ስለሆነ ስሕተት የለበትም፤ ስሕተቱ ያለው 52ቷ ላይ ነው። 53 ብለው ቢያነቡ 0.106 ይመጣልና ሦስተኛዋ አሃዝ ትዋልላለች። 0.10 ብለው ይጻፉ። ሦስተኛዋን ማመን ከፈለጉ አምስት ደስታ ይደርድሩ።